ሳኒ ሲጠሩት የማይመልስበት ምክንያት

ሳኒን ጠርታችሁት ዝም ቢላችሁ አትቀየሙት። ንቀት አይደለም። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር በአንድ ቆርቆሮ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤቴ ነው። እኔ ሸራ እሰፋለሁ፣ እሱ ተሳቢ ይሠራል፤ ጸባዩን ከሚስቱ ከሳዲያ ቀጥሎ የማውቀው እኔ ድንቅነሽ ነኝ። ሳኒ ጎማ ሲገጥም ኮፒሊያዋን በከንፈሮቹ መሀል ይይዛታል። ኮፒሊያ ከጸጉር መያዣ የማትበልጥ ትንሽ ብረት ናት። ጎማውን የያዘው ዳዶ መንገድ ላይ ተፈትቶ እንዳይወልቅ በቀዳዳው ትገባና እግሮቿ ይታጠፋሉ። እሷ ቦታዋ እስክትገባ ድረስ ሳኒ አይናገርም። ሰላምታ ብትሉት፣ ዋጋ ብትጠይቁት፣ ልትጣሉት ብትመጡ እንኳ በእጁ «ቆይ» ይላችኋል እንጂ አፉን አይከፍትም።

አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቅሁት። «እትዬ ድንቄ፣ ከንፈሬ ላይ ካለች አልረሳትም» አለኝ። «ማውራት ከጀመርኩ ግን አንድ ቦታ አስቀምጣታለሁ። ያስቀመጥኳት ነገር ደግሞ ትረሳለች።»

መጀመሪያ ሰሞን ቆሽቴ እርር ይል ነበር። በቆርቆሮው በኩል «ሳኒ፣ ያቺን መቀስ አቀብለኝ!» ብዬ ስጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። እሰድበዋለሁ፤ ስድቤንም ዝም ብሎ ይሰማል። በኋላ ለመድኩት። ጠርቼው መልስ ካጣሁ «ኮፒሊያ ይዟል» እልና ሥራዬን እቀጥላለሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው።

ከስልጤ ሲመጣ ጎረምሳ ነበር። በእጅ የሚገፋ ጋሪ ጎማ በመጠገን ጀመረ፣ ከዚያ የጄኔሬተርና የውሃ ታንከር ተሳቢ ያዘ። አንድ ቀን ከዝዋይ የመጣ ጀልባ የተጫነበት ተሳቢ ጎማው ተነቅሎ በራችን ላይ ቆመ፤ ሰፈሩ ጀልባ ለማየት ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሳኒ ግን ጀልባውን ዞር ብሎም አላየው። ተሳቢው ስር ገብቶ ሲወጣ «ይሄን የገደለው መንገድ አይደለም፣ ውሃ ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ የሌለበት ከተማ ውስጥ የጀልባ ተሳቢ ሠሪ ሆኖ ቀረ። እኔም የጀልባ ልብስ ሰፊ ሆንኩ። የታክሲ ረዳቶች መንገድ ዘጋችሁብን እያሉ የሚሰድቡን ስድብ ለሁለታችንም እኩል ነው።

ሕጎቹን ለማንም ሳይሰስት ይናገራል። ተሳቢ የቆመበት ቦታ ሁሉ ከጎማው ስር ድንጋይ ይደረጋል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከአንገቱ ስር ተጣምረው ይታሰራሉ፤ አንገቱ ከመኪናው ቢላቀቅ መሬት ሳይነካ እንዲይዙት። ከመንገድ የገባ የጋለ ጎማ ወዲያው ውሃ ውስጥ አይገባም፤ ቀዝቃዛው ውሃ ጎማውን ወደሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ይሳባልና። አሮጌ ኮፒሊያ ተመልሳ አትገባም። መንገድ ተጀምሮ መጀመሪያ ሲቆም የጎማዎቹ እምብርት በመዳፍ ይዳሰሳል። ተሳቢ እየጎተተ ስልክ የሚያነሳ ሾፌር ደግሞ ሳኒ ጋ ሁለተኛ አይመጣም። ይህን ሁሉ ታናሽ ወንድሙ ሙከሚል ገና ልጅ ሳለ ጀምሮ በቃሉ ይወጣዋል። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደገው ሳኒ ነው። ሳኒና ሳዲያ ልጅ የላቸውም፤ ሙከሚል ወንድምም ልጅም ነው።

ባለፈው ጥር ያ ተሳቢ መጣ።

ባለቤቱ አቶ ሃብተኣብ ናቸው። ሜክሲኮ ቢሮ አላቸው፣ ሐይቅ ላይ ደግሞ እንግዳ የሚያንሸራሽር ጀልባ አላቸው። ሾፌራቸው ሸዋንግዛው ጀልባውን ወደ ውሃ ሊያወርድ ቁልቁለቱ ላይ ተሳቢውን ወደ ኋላ አስገብቶ ከጀርባው ቆሞ ነበር። የአንገቱ መያዣ ያለቀ ነው፣ ሰንሰለቱም በሽቦ የተጠማዘዘ። ተላቀቀና እሱን ይዞት ወደ ጥልቁ ሄደ። ተሳቢውን ከብዙ ጊዜ በኋላ በገመድ ጎትተው አወጡት። ሸዋንግዛው ግን አልተገኘም።

እኔ እንዲህ ያለውን ዕቃ እንኳን ልነካው በበሬም ባያልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ሳኒም አልወደደውም። ችግሩ አቶ ሃብተኣብ በሸዋንግዛው ቦታ የቀጠሩት ሾፌር ሙከሚል መሆኑ ነበር። ሳኒ ለመነው፣ ተቆጣው፣ ሳዲያ አለቀሰችበት። ሙከሚል መንጃ ፈቃዱን ካወጣ ጀምሮ ሥራ ሲፈልግ የኖረ ልጅ ነው፤ እጮኛውን አማልን ሊያገባም ቃል ገብቷል። «ጋሼ፣ አንተ ከሠራኸው ምን እሆናለሁ?» አለው። ሳኒ በዚህ ተረታ። «እሱ መጎተቱ ካልቀረ የሚሠራው የእኔ እጅ ይሁን» አለኝ። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙከሚልም በዚያው ተሳቢ እንዳይቀርበት።

ተሳቢው ግቢው ውስጥ በክሪክ ተነስቶ ቆመ። በማግስቱ ጠዋት ከስሩ ውሃ ተኝቷል። ብረቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሐይቁ ውሃ ገብቶበት ይሆናል ብሎ ሳኒ ከታች በኩል ቀዳዳ በሳ፤ አረንጓዴ ውሃ ፈሰሰ። ደረቀ ስንል በሚቀጥለው ቀንም አለ፣ ከዚያ በኋላም አለ። በጥር፣ አቧራው አፍንጫ በሚሰነጥቅበት ወር! እኛ ውሃ በፈረቃ እየመጣልን ቢጫ ጀሪካን ተሸክመን ስንራኮት፣ ተሳቢው ሲያነባ ያድራል። በቆርቆሮው ስር እየሾለከ ወደ እኔ ሱቅ ይገባል፤ ሸራዬን አረጠበብኝ። ሽታው የዓሣና የደንገል ነበር።

የቀኝ ጎማው ነገር ደግሞ ባሰ። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ወደ ኋላ፣ ወደ ውሃ ሲገባ እንደሚዞረው። ሳኒ ሲያየው መዳፉን ያሳርፍበታል፣ ይቆማል። «ነፋስ ነው» ይለኛል። በእነዚያ ቆርቆሮዎች መሀል ነፋስ ከየት እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። እውነቱን ለመናገር መጠየቅ ፈርቼ ነው።

አንድ ከሰዓት የሸዋንግዛው ሚስት መሰለች መጣች። የምትኖረው እዚሁ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ተሳቢው እዚህ መሆኑን ሰምታ ነው። አላለቀሰችም። ብረቱን በእጇ ዳበሰችው። ሳኒ ያኔ የቀኙን ጎማ ፈትቶ አሮጌዋን ኮፒሊያ አውጥቷት ነበር፤ ዝጋ ቀይ ሆናለች። አገላብጦ አያትና ግራ በመጋባት ጠየቃት።

«እህቴ፣ ባለቤትሽ ግራኝ ነበር?»

«አዎ፣ ግራኝ ነው። እንዴት አወቅክ?»

«ኮፒሊያዋን የገጠማት እሱ መሆን አለበት። እኛ አንዱን እግር ወዲህ አንዱን ወዲያ እናጥፋለን። ይሄ ሁለቱንም ወደ ግራ ነው ያጠፋቸው።»

መሰለች ኮፒሊያዋን አየቻት፣ ልትነካት ግን አልደፈረችም። «ከእንግዲህ የሚጎትተው ማነው?» አለች።

«ወንድሜ ነው።»

«ሸዋ ሰው ሳያስገባ አይገባም ነበር» አለች። «ሠራተኛውን ሁሉ በየበሩ አድርሶ፣ ገብተው በር ሲዘጉ አይቶ ነው ወደ ቤቱ የሚመጣው። እኔ ምሳ እራት እስኪሆን እየጠበቅሁ ስንቱን ተጣልቼዋለሁ።» ይህን ብላ ሄደች። ሳኒ አሮጌዋን ኮፒሊያ የውዳቂ ብረት ጣሳ ውስጥ ጣላት።

ተሳቢው የሚወሰድበት ቀን ደረሰ። የአንገቱ መያዣ ተቀይሯል፣ አዲስ ሰንሰለት ተበይዷል፣ የግራው ጎማ ተገጥሞ አልቋል። ሳኒ የቀኙን አዲስ ኩሽኔታ በመዳፉ ግራሶ እያጨቀ ሞላው፣ ጎማውን አስገባ፣ ዳዶውን በጣቱ አዞረ። አዲሷ ኮፒሊያ ከንፈሩ ላይ ነበረች። እኔ በራፌ ላይ ሆኜ የጀልባውን ሸራ ጠርዝ እየሰፋሁ አየዋለሁ።

ሳዲያ ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። «ሀጂ ነስሩ ሞቱ!»

ሀጂ ነስሩ ቁርጥራጭ ብረት ይሸጡ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የዚህ ሰፈር በያጅ ሁሉ የመጀመሪያ ብረቱን በዱቤ የወሰደው ከእሳቸው ነው። ሳኒንም ጋሪ ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሙስሊም ሞት ሲሰማ የሚለው አለ፣ ዝም ብሎ አይሰማም። ሳኒ ኮፒሊያዋን ከከንፈሩ አወጣትና «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። ኮፒሊያዋን ደረት ኪሱ ከተታት፣ እጁን በሳሙና ታጠበ፣ ከወንዶቹ ጋር ወጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ ሳይጨርስ ሲናገር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ። ወርክሾፑ ሁሉ ተዘጋ፣ መዶሻው፣ መፍጫው፣ ብየዳው ጸጥ አለ። ጠመንጃ ያዥ ጸጥ ሲል አስፈሪ ነው፤ እኔ ደግሞ ጸጥታ አልወድም። ለቅሶ ቤት እደርሳለሁ፣ መጀመሪያ ሙከሚል የሚመጣለትን ሸራ ልጨርስ ብዬ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ከቆርቆሮው ወዲያ ጎማ ሲዞር ሰማሁ። ዞረ ዞረና በአንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ መፍቻ ዳዶ ሲያጠብቅ የሚሰማው ጩኸት መጣ፤ ጠበቅ፣ እንደገና ጠበቅ፣ ከዚያ ትንሽ ላላ። ሳኒ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«ሳኒ! ተመለስክ እንዴ?» አልኩ።

መልስ የለም።

«ኮፒሊያ ይዟል» አልኩና መስፋቴን ቀጠልኩ። እንዴት ቶሎ ቀበሩ ብዬም ተገረምኩ። ወዲያው ትንሿ መዶሻ ቋ፣ ቋ አለች፤ የኮፒሊያ እግር ሲታጠፍ ነው። ቀጥሎ የጎማው እምብርት ክዳን በእንጨት ተመታ። በግድግዳው ስር ያ ውሃ ሾልኮ እግሬ ድረስ መጣ። የቀዘቀዘ ነበር። እየተራገምኩ ሸራዬን ከመሬት አነሳሁ።

ሙከሚል ፒካፑን ይዞ ሲመጣ ግቢው ውስጥ ማንም አልነበረም። «ጋሼ የለም?» አለኝ።

«አሁን እዚህ ነበር፤ ጨርሶ ወደ ለቅሶው ተመልሶ ይሆናል። ሀጂ ነስሩ አርፈዋል።»

እሱም የሚባለውን አለና አንገቱን ደፋ። እንግዶች እየጠበቁ ስለሆነ አቶ ሃብተኣብ በስልክ እያጣደፉት ነበር፤ ስመለስ ለቅሶ እደርሳለሁ አለ። ሁለቱን ጎማዎች አየ፤ ክዳናቸው ገብቷል፣ ግራሶው ተጠርጓል። መፍቻና መዶሻው ከጎማው በስተግራ በሥርዓት ተቀምጠዋል። ክሪኩን አወረደ፣ ሰንሰለቱን አጣመረ። እኔን ከኋላ አቁሞ ፍሬቻና ፍሬን መብራት አስቆጠረኝ። «እንደ ወንድምህ ነዝናዛ ወጣህ» አልኩት፤ ሳቀ። ሸራውን ተቀብሎኝ፣ ለእድሳት በጭነት መኪና መጥቶ ሰንጋ ተራ የቆመውን ጀልባ ሊጭን ሄደ።

ወንዶቹ ከኮልፌ መቃብር ተመለሱ። ሳኒ ሱሪው አፈር በአፈር ሆኗል። ባዶውን ቦታ አይቶ ቆመ።

«ማን ወሰደው?»

«ሙከሚል ነዋ። አንተ መጥተህ ጨርሰህለት የለ እንዴ?»

«እኔ መቼ መጣሁ?»

አብረውት የነበሩት ወንዶች ተያዩ። ሀጂውን ጉድጓድ ውስጥ ካስገቡት አንዱ እሱ ነበር፤ ከመሀላቸው ለአፍታ አልተለየም። ሳኒ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና አዲሷን ኮፒሊያ አወጣት።  

«ዳዶው በጣት ብቻ የዞረ ነው» አለ ሳኒ።  «ቁልቁለት ላይ ይወልቃል።»

ሙከሚል ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ሳዲያም በራሷ ስልክ ሞከረች። «አያነሳም» አለ ሳኒ፣ ስልኩን እያየ። «አታንሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ቢሞትም አያነሳም።» አቶ ሃብተኣብ ጋ ቢደውል ልጁ ጀልባውን ጭኖ ከወጣ ቆይቷል አሉት። እግሩን ነቅሎ ወደ ሜክሲኮ ሮጠ፣ መኪና ሊይዝ። እኔና ሳዲያ ከኋላው ነን። የሰማሁትን መፍቻና መዶሻ እየሮጥኩ ነገርኩት፤ ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።

አደባባዩ ጋ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ሙከሚል ነበር። ሳዲያ ስልኩን ተቀብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ዱከም ቆሜያለሁ» አለ ሙከሚል። ደህና ነበር፤ እንዲያውም ተቆጥቷል። «እንዳልከኝ ጎማውን ዳሰስኩት። የግራው ለብ ብሏል። የቀኙ ግን በረዶ ነው፣ ውሃም ያንጠባጥባል። ይሄን ሁሉ መንገድ ሄዶ እንዴት ይቀዘቅዛል? ክዳኑን ከፈትኩት። ግራሶው ውሃ ገብቶበት ወተት መስሏል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አሮጌ ኮፒሊያ ለምን አስገባህ? ዝጋለች እኮ! አሮጌ አይመለስም የምትለው አንተ አይደለህም?»

ሳኒ መዳፉ ላይ ያለችውን አዲሷን ኮፒሊያ አየ። «እግሮቿ ወዴት ናቸው?» አለ።

«ሁለቱም ወደ ግራ። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የምታጥፈው?»

 ባቡሩ በላያችን አለፈ፣ ታክሲዎቹ ይጮሃሉ፣ ሰዉ ይጋፋናል። እኔ የሳዲያን ክንድ አጥብቄ ይዤ ነበር።

«ጋሼ? ትሰማኛለህ?» አለ ልጁ። ከዚያ ሳቅ አለ። «ኮፒሊያ ይዘህ ነው እንዴ?»

ሳኒ ስልኩን ከሳዲያ እጅ ወሰደ። «ባለህበት ቁም። ምንም እንዳትነካ። እኔ እመጣለሁ።»

ዱከም ድረስ ሄዶ ሥራውን እንደ ሕጉ ሠራው። ዳዶውን እሱ ራሱ እንደሚያደርገው ሆኖ አገኘው፤ ጠብቆ፣ ከዚያ ትንሽ ላልቶ። ግራሶውን ጠርጎ አዲስ ሞላ፣ አዲሷን ኮፒሊያ አስገባ፣ አሮጌዋን በመሐረብ ቋጥሮ ይዟት መጣ። ለሙከሚል ምንም አልነገረውም። እስከ ዛሬ ልጁ ወንድሙ በሐዘን ተምታቶበት የተሳሳተ ይመስለዋል። የውዳቂ ብረቱን ጣሳ ዘርግፈን ፈለግን፤ ያቺ ኮፒሊያ የለችበትም።

መሰለች ጋ አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን መሄድ አልቻለም። መሐረቡን ፈትቶ መዳፏ ላይ አደረገላት። የታጠፈችበት ቦታ ዝገቱ ተሰብሮ ብረቱ አዲስ ሆኖ ያበራል። «የሸዋንግዛው ናት» አላት። «ወንድሜን አስገብቶልኛል።» ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሳይደብቅ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ።

መሰለች እስኪጨርስ ሰማችው። ኮፒሊያዋን ጨበጠች። «እሱስ?» አለች። «እሱስ ገባ?»

 

ሙከሚል አግብቶ ያንኑ ተሳቢ ይጎትታል። ውሃውም ከዚያ ወዲህ አይታይም፤ ግቢው ደርቋል። ሳኒ እንደ ድሮው ኮፒሊያዋን በከንፈሩ ይይዛል፣ እኔም እንደ ድሮው በቆርቆሮው በኩል እጠራዋለሁ። የተለወጠ ነገር ቢኖር የእኔ ነው። ጠርቼው ዝም ካለኝ መስፋቴን አልቀጥልም። መርፌዬን አስቀምጬ፣ ተነስቼ፣ በበሩ ብቅ ብዬ አየዋለሁ።

ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።